የጠራ ውሃ ዓሣ ሲገድል

ነሐሴ ላይ ጥቁር አባይ ካርቱም ሲደርስ ቡናማ ነው። ከኢትዮጵያ ተራሮች የጠረገውን አፈር እንደተሸከመ አል-ሞግራን ላይ ከነጭ አባይ ጋር ሲገናኝ የሁለቱ ቀለም ለየብቻ ይታያል። እጅ ቢነክሩበት ጣት አይታይም። በዚያ ድፍርስ ውስጥ ግን ቁረሶውም አምባዛውም ይኖራሉ፤ አጥማጆችም አውጥተው ኦምዱርማን፣ አል-መውረዳ ገበያ ላይ ይሸጧቸዋል።

ያው ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ገብቶ፣ ጭቃው ወርዶለት፣ ክሎሪን ተጨምሮበት፣ በቧንቧ ቤት ደርሶ የመስታወት ሣጥን ሲሞላ ወለል ብሎ ይጠራል። ወርቃማ ዓሣ ይገዛል፤ ልጆች ይከቡታል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን መክፈት ይጀምራል፤ በማግሥቱ ሞቶ ይገኛል። ውሃው አሁንም ጥርት እንዳለ ነው። ባለቤቱ ግራ ይገባዋል። ሣጥኑን በሳሙና አጥቦ፣ ድንጋዩን ቀቅሎ፣ አዲስ ውሃና አዲስ ዓሣ ያስገባል። ሁለተኛውም ዓሣ በተመሳሳይ ጊዜ ይሞታል።

የቤት አኳሪየም ታሪክ በአብዛኛው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሣጥኑም ተሸጦ ወይም መጋዘን ገብቶ ይቀራል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የዓሣውም፣ የውሃውም፣ የባለቤቱ ስንፍናም አይደለም። ድፍርስ ውሃ እና የተመረዘ ውሃ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። ድፍርሱን ዓይን ያየዋል። መርዙ ግን ቀለምም የለው፣ ዓሣ በሚገድልበት መጠን ሽታም የለው።

መርዙ አሞንያ ነው። ዓሣ የበላው ፕሮቲን ሲፈጭ ከሚተርፈው ናይትሮጅን አብዛኛው በስንጥቡ በኩል በቀጥታ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ሰው በሽንቱ የሚያስወግደውን ዓሣ እየተነፈሰ ያስወግደዋል ማለት ነው። ተርፎ የበሰበሰ ምግብና ኩስም ይጨምሩበታል። ወንዝ ውስጥ ይህ ሁሉ ታጥቦ ይሄዳል። ስድሳ ሊትር በሚይዝ ሣጥን ውስጥ ግን መሄጃ የለውም፤ በየሰዓቱ ይጠራቀማል።

ካርቱም ላይ ነገሩን የሚያከብዱት ሁለት ነገሮች አሉ። አሞንያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ አሞንየም የሚባለው ብዙም የማይጎዳ፣ ሌላው ስንጥብን ዘልቆ ደም የሚመርዝ ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስኑት የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ወይም የአልካሊነቱ ልክ፣ እና ሙቀቱ ናቸው። ፒኤቹ 7 በሆነና 25 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ መርዛማው ክፍል አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲሆን በ20 ዲግሪ 4 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ በ30 ዲግሪ ደግሞ ከ7 በመቶ ይበልጣል። የአባይ ውሃ ወደ አልካሊነት ያጋደለ ነው፤ የካርቱም ግንቦት ደግሞ በአማካይ የቀን ሙቀቱ 42 ዲግሪ ግድም ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ዓሣ የማይነካ የአሞንያ መጠን ካርቱም ላይ ሊገድል ይችላል።

ይህን መርዝ የሚያነሳው ምንድን ነው? ሰው ሁሉ «ማጣሪያው» ይላል፤ ልክ ነው፣ ግን እሱ በሚያስበው መንገድ አይደለም። አሞንያ የተሟሟ ነገር ስለሆነ በየትኛውም ስፖንጅ ቀዳዳ ያልፋል። የሚያነሱት ባክቴሪያዎች ናቸው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ ዙሪክ ላይ እየሠራ እነዚህን ፍጥረታት ለይቶ አሳይቷል፤ ብርሃንም ሆነ ሌላ ምግብ ሳይፈልጉ አሞንያን ከኦክስጅን ጋር በማዋሐድ ብቻ የሚኖሩ ናቸው። ሥራው በሁለት እርከን ይሄዳል። እንደ ኒትሮሶሞናስ ያሉት አሞንያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ፤ በአኳሪየም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኒትሮስፒራ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት።

መካከለኛው፣ ናይትራይት፣ ራሱ ገዳይ ነው። ወደ ዓሣው ደም ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል፤ ደሙ ቡናማ ይሆናል፤ ዓሣውም ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ለዚህ ኩሽና ውስጥ መድኃኒት አለ። በሊትር ግማሽ ግራም ያህል የምግብ ጨው ሲጨመር ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ስንጥቡ ላይ ናይትራይቱን ተሻምቶ እንዳይገባ ያደርገዋል። ጊዜ ይገዛል እንጂ ናይትራይቱን አያጠፋም። የመጨረሻው ናይትሬት ግን ካልተከማቸ ብዙም አይጎዳም።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ቀርፋፎች ናቸው። ምግብ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ሲባዙ እነዚህ ቁጥራቸውን እጥፍ ለማድረግ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይወስድባቸዋል። ለዚህ ነው አዲስ አኳሪየም ራሱን እስኪችል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚፈጀው፤ የመጀመሪያው ዓሣ ሁለተኛውን ሳምንት የማያልፈውም ለዚሁ ነው። ሣጥኑን በሳሙና አጥቦ እንደገና የጀመረው ሰው የተቆጠረውን ጊዜ ወደ ዜሮ መለሰው።

እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ያደገ ሰው መፍትሔውን ቀድሞ ያውቀዋል። እርሾ የሌላት ሴት ሊጡ በራሱ እስኪቦካ ቀናት ከመጠበቅ ይልቅ ከጎረቤት እርሾ ትዋሳለች። አኳሪየምም እንደዚሁ ነው። ጤነኛ ዓሣ ካለበትና ወራት ካስቆጠረ አኳሪየም የሠራ ስፖንጅ ቁራጭ ወስደው፣ ሳይደርቅ፣ ከዚያው ሣጥን ውሃ ጋር በዕቃ ይዘው ቶሎ ወደ አዲሱ ማጣሪያ ቢያስገቡት ወር የሚፈጀው ነገር ወደ ጥቂት ቀናት ይወርዳል። ለወዳጅ ዓሣ ስጦታ የሚሰጥ ሰው አሮጌ ስፖንጅም አብሮ ቢሰጥ ትልቅ ውለታ ነው።

ስፖንጁ አይጣል

በጣም ቀላሉና፣ በእኔ እምነት፣ ለካርቱም ከሁሉ የተሻለው ማጣሪያ የስፖንጅ ማጣሪያ ነው። ሣጥኑ ውስጥ የሚቀመጥ ስፖንጅ፣ መሐሉ ላይ የቆመ ቱቦ፣ ከውጭ ደግሞ ትንሽ የአየር ፓምፕ አለው። ፓምፑ በቀጭን ቱቦ አየር ወደ ታች ይልካል፤ አየሩ በቆመው ቱቦ ውስጥ አረፋ ሆኖ ይወጣል። አየር የተቀላቀለበት ውሃ ከአካባቢው ውሃ ስለሚቀል አብሮ ወደ ላይ ይፈሳል፤ በምትኩ ሌላ ውሃ በስፖንጁ ቀዳዳዎች በኩል ይሳባል። ቆሻሻው ስፖንጁ ላይ ይቀራል፤ በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ የሰፈሩት ባክቴሪያዎችም ከሚያልፈው ውሃ አሞንያና ኦክስጅን ያገኛሉ። ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ዕቃ የለውም፤ ፓምፑም የሚበላው ጥቂት ዋት ብቻ ነው።

ሣጥኑ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠሉና ከሣጥኑ በታች በተዘጋ በርሜል የሚሠሩ ማጣሪያዎችም አሉ። በርሜሉ ብዙ የሴራሚክ ቀለበት ስለሚይዝ ለትልቅ ሣጥን ይጠቅማል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ጣጣ አለው፣ እመለስበታለሁ። ሲገዙ በሰዓት ከሣጥኑ ይዘት አራትና አምስት እጥፍ የሚያዘዋውረውን ይምረጡ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ስፖንጁ ባዶ ሳለ የተለካ ስለሆነ ትንሽ ጨምረው ቢያስቡ ይሻላል። የከሰል ማጣሪያ ቀለም፣ ሽታና የመድኃኒት ቅሪት ይይዛል፤ አሞንያን ግን አይዝም፣ በሳምንታትም ይሞላል። ገንዘብ ለሚቆጥር ሰው መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው።

ከአምራቾች ምክር ጋር የምጣላበት ቦታ አለኝ። ብዙ ማሸጊያ ላይ «በየወሩ አዲስ ይቀይሩ» ተብሎ ይጻፋል። በየወሩ ስፖንጁን የሚጥል ሰው የገነባቸውን ባክቴሪያዎች እየጣለ ነው። ስፖንጅ እስኪበጣጠስ ዓመታት ያገለግላል። መታጠብ አለበት፤ ግን በቧንቧ ውሃ ሥር አይደለም፣ እዚያ ያለው ክሎሪን ባክቴሪያ ለመግደል የተጨመረ ነውና ሥራውን ይሠራል። ውሃ በሚቀየርበት ቀን ከሣጥኑ በወጣው ውሃ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ በቂ ነው። ቡናማ ሆኖ ቢቀር ግድ የለም። ሁለት ስፖንጅ ያለው ሰው አንዱን በዚህ ሳምንት፣ ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጠብ።

በሕይወት ያለ ማጣሪያ ለዓሣ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1892 ኮሌራ ሃምቡርግ ሲገባ ከተማዋ የኤልብ ወንዝን ውሃ ሳታጣራ ታጠጣ ነበር፤ 8,600 ያህል ሰው ሞተባት። አጠገቧ ያለችው አልቶና ከዚያው ወንዝ፣ ያውም የሃምቡርግ ፍሳሽ ከገባበት በታች ትቀዳ ነበር፤ ግን ውሃውን በአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ታደርግ ስለነበር በእጅጉ ተረፈች። የአሸዋው የላይኛው ሽፋን ላይ ረቂቅ ሕይወት የሞላበት ዝልግልግ ንጣፍ ይበቅላል፤ ጀርሞቹን ከአሸዋው ጋር አብሮ የሚይዘውና የሚበላው እሱ ነው። ካርቱም ይህን ትምህርት በቅርቡ በሥቃይ አይታዋለች። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. እንደ ጀመረ በሰሜን ካርቱም ያለው የባህሪ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራ አቆመ፤ ግንቦት 2025 የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች በድሮን ተመትተው የውሃ ሥራው ሲስተጓጎል ኮሌራ በከተማዋ ተዛመተ። ሰውም ቢሆን፣ ዓሣም ቢሆን፣ ንጹሕ ውሃ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም፤ በየሰዓቱ የሚሠራ ነው። አንድ ነገር ግን ይለይ፦ ለዓሣ የጠራ የአኳሪየም ውሃ ለሰው የሚጠጣ አይደለም።

ከሣጥኑ በፊት

በክረምቱ ወራት ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ ደፍርሶ ሲወርድ የአኳሪየሙ ማጣሪያ እንዲያጠራው መተው ስሕተት ነው። አሸዋው ቶሎ ይዘቅጣል፤ ሸክላው ግን ከ0.002 ሚሊሜትር ያነሰ ብናኝ ነው፤ ቅንጣቶቹም ሁሉም አሉታዊ ኤሌክትሪክ ስለያዙ እርስ በርስ እየተገፋፉ ለቀናት ተንሳፍፈው ይቆያሉ። ስፖንጁን ይደፍኑታል እንጂ አይያዙለትም። ማጣሪያ ጣቢያዎች አሉም የሚባለውን ጨው የሚጨምሩት አዎንታዊ ኤሌክትሪኩ ቅንጣቶቹን አገናኝቶ በትልልቁ እንዲዘቅጡ ስለሚያደርግ ነው።

የአባይ ዳር ሴቶች ይህን ያለ ፋብሪካ ይሠሩት ነበር። ሱዳን ውስጥ የሞሪንጋ ዛፍ «ሸጀረት አል-ረዋግ»፣ ውሃ የሚያጠራ ዛፍ፣ ይባላል፤ ፍሬው ተወቅጦ ወደ ድፍርስ ውሃ ሲገባ በውስጡ ያለው ፕሮቲን የአሉምን ሥራ ይሠራል። ሳሚያ አል-አዝሃሪያ ያን የተባሉ ተመራማሪ ይህን የሴቶች ዕውቀት ለዓመታት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1981 በመጽሐፍ አሳትመውታል። የእኛው የኮንሶ ሺፈራውም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ፍሬውም ውሃ ያጠራል። ይሁን እንጂ አሉምንም ሆነ ሞሪንጋን ዓሣ ባለበት ሣጥን ውስጥ መጨመር አይገባም። አሉም ፒኤቹን አውርዶ ስንጥብ ያቃጥላል፤ የሞሪንጋው ዱቄት ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል። ለዓሣ ከሁሉም የሚሻለው ትዕግሥት ነው፤ ውሃውን በተለየ በርሜል ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጦ ከላይ ያለውን ብቻ በቱቦ መሳብ።

በርሜሉ ሌላም ጥቅም አለው። ክዳኑ ክፍት ሆኖ አንድ ቀን ያደረ ውሃ ተራው ክሎሪን ይተንለታል። ውሃ ድርጅቶች ክሎሪንን ከአሞንያ ጋር አዋሕደው ሲጠቀሙ ግን በማሳደር አይወጣም፤ ለዚያ የዓሣ መሸጫዎች የሚይዙት የሶድየም ታዮሰልፌት ጠብታ ያስፈልጋል። ጠብታው ክሎሪኑን በሰከንዶች ይሰብረዋል፤ የሚለቀቀውን አሞንያ ደግሞ ባክቴሪያ የሰፈረበት ማጣሪያ ይወስደዋል።

በየሳምንቱ ከሣጥኑ ውሃ ሩቡን ያህል ማውጣትና በዚህ በተቀመጠ ውሃ መተካት ናይትሬቱን ዝቅ ያደርገዋል። ካርቱም ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በደረቁ ሙቀት ውሃ በፍጥነት ስለሚተን በየቀኑ ይሞላሉ፤ ሲሞሉ የቀየሩ ይመስላቸዋል። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨውና ናይትሬቱ ሣጥኑ ውስጥ ይቀራሉ፣ እያደርም ይወፍራሉ። መሙላት መቀየር አይደለም። ውሃ ውስጥ የሚያድጉ ተክሎች ከናይትሬቱ የተወሰነውን ይበሉታል። እንቦጭ ከሁሉም በላይ ይበላል፤ ነጭ አባይን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ጣናን ደግሞ በኋላ ያስጨነቀውም በዚሁ የምግብ ፍቅሩ ነው። ስለዚህ እንቦጭን ወደ ቤት አያምጡ፤ ከአኳሪየም የወጣ ተክልም ሆነ ዓሣ ወደ አባይ አይጣል።

የሚቀረው ሙቀቱ ነው። ባክቴሪያዎቹ አንድ ሚሊግራም የአሞንያ ናይትሮጅን ለማቃጠል ከአራት ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ ዓሣውም ይፈልጋል፤ ውሃ ደግሞ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። አዲስ አበባ ያሉ አንባቢዎች «እኛ ቅዝቃዜ ላይ ነን፣ ይህ አይመለከተንም» እንዳይሉ። ከፍታውም ኦክስጅን ይቀንሳል። 20 ዲግሪ የሆነ የአዲስ አበባ ውሃ እና 32 ዲግሪ የሆነ የካርቱም ውሃ የሚይዙት ኦክስጅን እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ በሊትር 7 ሚሊግራም ገደማ። ሁለቱም ከተማ አረፋ ያስፈልገዋል። ልዩነቱ አዲስ አበባ ላይ ባክቴሪያዎቹ በብርዱ ይዘገያሉ፣ ካርቱም ላይ ይፈጥናሉ።

ካርቱም ዴም ሰፈር የኖሩ ኢትዮጵያውያን ዚርን ያውቁታል፤ በየዛፉ ጥላ ለመንገደኛ የሚቀመጠውን የሸክላ ጋን። ውሃው በሸክላው አልፎ ውጪው ላይ ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዛል። አኳሪየምም በዚሁ ሕግ ይበርዳል፤ ክዳኑን ገልጦ በመረብ ሸፍኖ ትንሽ ማራገቢያ በውሃው ወለል ላይ ማስነፈስ ጥቂት ዲግሪ ይቀንስለታል። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሳ ግን አቧራው እንዳይገባ ወዲያው ይከደን። ዓሣውንም ከአገሩ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። ወርቃማ ዓሣ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፤ ለካርቱም በጋ የተሠራ አይደለም። ጉራሚ ከውሃው ወለል አየር ስለሚተነፍስ፣ ጋፒም ሙቀት ስለሚችል ለጀማሪ ይሻላሉ።

መብራት ሲጠፋ

ፓምፑ ሲቆም መጀመሪያ የሚጎዱት ዓሣዎቹ ሳይሆኑ ማጣሪያው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በተለይም በተዘጋው በርሜል ውስጥ። እዚያ ያለው ጥቂት ኦክስጅን በፍጥነት ያልቃል፤ ከሰዓታት በኋላ መዳከም ይጀምራሉ፣ በምትካቸውም ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ይነሳሉ። መብራቱ ሲመለስ በርሜሉ ያን የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ ሣጥኑ ይገፋዋል። ዓሣ የሚሞተው መብራት በጠፋበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በተመለሰበትም ነው። የስፖንጅ ማጣሪያን የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ በሣጥኑ ውሃ መሐል ክፍት ሆኖ ስለሚቀመጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቋቋማል፣ አየሩንም የስልክ ፓወር ባንክ የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ፓምፕ ሊሰጠው ይችላል።

አስቀድመው አንድ ነገር ያረጋግጡ። የአየር ፓምፑ ከውሃው ወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ወይም ቱቦው ላይ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ይግባለት። አለዚያ አየሩ ሲቆም ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፤ ከፓምፑ አልፎ ወለሉም ኤሌክትሪኩም አደጋ ላይ ናቸው።

መብራት በጠፋበት ጊዜ ሁሉ ዓሣ አይመገብ፤ ጤነኛ ዓሣ ብዙ ቀን ሳይበላ ይቆያል፣ የሚበላው ግን አሞንያ ይጨምራል። በየግማሽ ሰዓቱ በጆግ ውሃ ቀድቶ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባል። ሰዓታት ካለፉ ስፖንጁን ከተዘጋው በርሜል አውጥተው በሣጥኑ ውሃ ውስጥ ያንሳፍፉት። መብራቱ ሲመለስ በርሜሉን ከማብራትዎ በፊት ውስጡ ያለውን ውሃ ደፍተው፣ ስፖንጁንና ቀለበቶቹን በሣጥኑ ውሃ አለቅልቀው፣ ከዚያ ያስነሱት። በማግሥቱ ሩቡን ውሃ ይቀይሩ፤ በሁለተኛው ቀን አሞንያውን በመለኪያ ጠብታ ይፈትሹ፣ ዜሮ ካሳየ መመገብ ይጀምሩ፣ በመጀመሪያው ቀን ከወትሮው ግማሹን።